ስሙን የደበቁኝ አበባ

የካቲት 10 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ዓሣው ዛሬም ትንንሽ ነው። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ያመጣሁት ቆሮሶ ከመዳፌ አይበልጥም። ለዚህ ብዬ ነው እንግዲህ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ስጋፋ ያረፈድኩት። ቅርፊቱን ፋቅሁ። ሆዱን አጸዳሁ። እጣቢውን ልደፋ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

አብቧል።

ልጄ ማቴዎስ የተከለው ነገር አብቧል። እስከ ዛሬ ቅጠል ብቻ ነበር። አሁን ከመካከሉ አንድ አገዳ ወጥቶ ጫፉ ላይ ነጭ አበባ ፈክቷል። ከሥሩ ገና ያልተፈቱ እንቡጦች አሉ። ባልዲውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እጣቢው እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ እረፍት የመጣው ከሐረርጌ ነበር። ብሔራዊ ውትድርናውን እዚያ ነበር የሚያገለግለው። ዝንጅብል የመሰለ ሥር በካልሲ ጠቅልሎ አመጣ። ከአጥሩ ሥር ራሱ ቆፍሮ ተከለው። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። «እማ፣ እንዳትነኪው። ሲያብብ እነግርሻለሁ» አለኝ። ከዚያ የእሱን የጦር ክፍል ወደ ሰሜን አዛወሩት። ከዚያ መርዶው መጣ። አስከሬን አልመጣም።

ይኸው አበበ። የሚነግረኝ የለም።

ተናድጃለሁ ደብተሬ። በማን እንደሆነ አላውቅም። በአበባው ሳይሆን አይቀርም። አሁን ምን ቸኮለ?

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ሽታው ጣፋጭ ነው። ጠጋ ሲሉት ብቻ ይመጣል። ከዓሣው ሽታ ጋር አይጣላም፣ ዝም ብሎ በላዩ ያልፋል።

ዛሬ ጠዋት ዓሣ የሚሸጥልኝን ሰውዬ ጠየቅሁት። በቃሌ ነገርኩት። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ሾጣጣ፣ እንደ ማራገቢያ እርስ በርሱ የተደራረበ፣ ሥሩ ዝንጅብል የሚመስል፣ አበባው ነጭ። ሽንኩርት ነው አለ። ሽንኩርት የሽንኩርት ሽታ አለው፣ የዚህ ግን ሽቶ ነው አልኩት። «እንግዲያው የሀብታም ሽንኩርት ነዋ!» ገዢውም ሻጩም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቆሮሶውን እያገላበጥኩ የሞተ ዓሣ ነው የሸጥክልኝ አልኩት። ዓሣ ሁሉ የሞተ ነው አለኝ። ደግመው ሳቁ።

ሰው ቁም ነገር ሲጠይቅ የሚሳቅበት አገር።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ድሮ የእኛ ጸሎት ቤት ነው። ዘግተው ወሰዱት፣ ግድግዳውን ቀይ ቀለም ቀቡት። እዚያ በገባሁ ቁጥር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ ጥርሴን ነክሼ ነው የምቀመጠው።

የዛሬው ጉዳይ የጓሮ አትክልት ነው። እያንዳንዱ ጓሮ ጎመንና ካሮት መዝራት አለበት። የማይበላ ነገር ሁሉ ይነቀላል። የልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ኃይሉ ተነስቶ ብዙ ተናገረ። አበባ አይበላም አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ከስብሰባው በኋላ በየጓሮው ዞረ። የእኔ ዘንድ ሲደርስ ጤና አዳሙንና ዳማከሴውን አየ፣ መድኃኒት ነው ብሎ አለፈው። ነጩ ላይ ቆመ። ምንድን ነው? አላውቅም። የማይታወቅ ነገር እንዴት ይተከላል? ልጄ ነው የተከለው። ባርኔጣውን አወለቀ። እርስዎ የጀግና እናት ነዎት፣ ለሌላው ምሳሌ መሆን ያለብዎት እርስዎ ነዎት አለኝ።

ስኳር ሲታደል የጀግና እናት ቅደሚ ያለኝ የለም። አበባ ለመንቀል ሲሆን ግን ምሳሌ ነኝ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ፈቀደ። ዝናቡ እስኪጥል ድረስ ስሙንና ጥቅሙን ካወቅሁ፣ ጥቅሙም ለሰው የሚሆን ከሆነ ይቆያል። ካላወቅሁ ጎመን ይዘራበታል። ሰው ተልኮ ይነቀላል። ክፋት አልነበረበትም። የባሰ ያናደደኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ስሙን መፈለግ አለብኝ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ፣ ማታ 12 ሰ.

ሁዳዴ ገብቷል፤ እኔ አልጾምም ግን ዓሣዬ ይፈለጋል። ቀኑን ሙሉ ስከትፍ ዋልኩ። ጣቴን ቢላ ቆርጦኛል። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከደንበኞቼ አንዱ በእርሻ ኮሌጁ የሚያስተምር ወጣት ነው። መ/ር ጌታሁን ይባላል። ዓሣውን ሊወስድ ሲመጣ እጁን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ለማየት ተንበረከከ። ሱሪውን ጭቃ ነካው፣ ግድ አልሰጠውም። እዚህ ላይ ወደድኩት።

አሳየኝ። ከአበባው ቅጠሎች ሦስቱ ወደ ላይ ቆመው ጫፋቸው ተገናኝቷል። ሦስቱ ወደ ታች ወድቀዋል። በወደቁት ላይ፣ መሃል ለመሃል፣ ጫፉ ቢጫ የሆነ ጸጉር መሳይ ነገር አለ። እስከ ዛሬ አላስተዋልኩትም። ጢም ነው የሚባለው አለኝ።

«አበባ ጢም አለው?»

«አለው እማማ። ጢም ያለውም ጢም የሌለውም አለ። የእርስዎ ጢም ያለው ነው።»

ሳቅሁ። ከመርዶው ወዲህ መጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በመሳቄ ተናደድኩና ፊቴን አዞርኩ።

ወገኑ አይሪስ የሚባል ነው አለ፣ በዚህ አልጠራጠርም አለ። የትኛው አይሪስ ነው? እሱን አላውቅም። ብዙ ዓይነት አለ፣ የእሱ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ነው። እንግዲያው ምኑን አወቅኸው? ልጅ ጠፍቶብኝ መጥቼ ብጠይቅህ ሰው ነው ብለህ ልትመልሰኝ ነው? አልኩት። ቀላ። ልክ ነዎት አለ። ጥቅሙንም ጠየቅሁት። ውጭ አገር የአንዳንዱን ሥር አድርቀው ሽቶ ይሠሩበታል አለ። ጓድ ኃይሉ ሽቶ አይበላም።

አበባው ሲረግፍ ፍሬ እስኪይዝ ልጠብቅ። ፍሬውና ዘሩ ዓይነቱን ለመለየት ይረዳል። እሱም ትልቅ መጽሐፍ ካለው ሰው ይዋሳል። በዚህ ተለያየን። ዓሣውን ረስቶ ሄደ፣ መንገድ ላይ ሮጬ ሰጠሁት።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ሁለተኛው እንቡጥ ፈካ። የመጀመሪያው ረግፏል። ከሥሩ ትንሽ አረንጓዴ ነገር አብጧል፣ ፍሬ ይሆናል ብዬ በየጠዋቱ አየዋለሁ።

እንዴት እንደነገሩኝ ዛሬ ልጻፈው። ለማንም አልተናገርኩም።

የማቴዎስ ነገር ለቀበሌ የደረሰው እኔ ሳልሰማ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። ዘመዶቼ ከሶዶ እስኪደርሱ ይቆይ ተባለ። እስከዚያ ሁሉም እየመጣ ከእኔ ጋር ይጫወት ነበር። ዓሣ ይገዙኛል፣ ያስቁኛል። ጎረቤቴ ዘይነባ፣ እህቴ የምላት፣ ባለሱቋ፣ በዚያ ሳምንት ለማቴዎስ ሹራብ ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብላ ክሩን ትጠቀልልልኝ ነበር። እያወቀች! ሹራቡ ለማን እንደሆነ እያወቀች ክሩን ጠቀለለች።

ከዚያ አንድ ቀን ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ አቶ ላንቃሞ ከፊት። ሴቶቹ ከኋላ። ጓድ ኃይሉ ዳር ላይ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅሁ።

ወጉ ነው ይሉኛል። ሰው ብቻውን መርዶ አይነገረውም፣ ደጋፊ ይሰብሰብ፣ ንጋት ይሁን። አውቃለሁ ወጉን። እኔም በሌላው ላይ አድርጌዋለሁ። በራስ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ቀን እንደ ሞኝ ሹራብ አሠሩኝ።

ዘይነባን ይቅር ብያታለሁ እላለሁ። ስጽፈው ግን አላልኩም።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ሌቦች! ሌቦች!

ቡሹሎ ሰፈር ለሥራ ሄጄ ስመለስ ቅጠሉ ታጭዷል። ነገ የሴቶች ቀን ነው፣ ማርች 8። የሴቶች ማኅበሩ ለአዳራሹ ቀጤማ ሲሰበስብ ውሎ፣ አልበቃ ሲላቸው በየጓሮው አረንጓዴና ረጅም የሆነውን ሁሉ አጨዱ። ቀጤማ መስሏቸው! ቀጤማና ይህን የማትለይ ሴት ናት ለሴቶች መብት የምትሰለፈው?

ሄጄ ጮህኩባቸው። አንዷ፣ እንዲያውም የልጅዎ ተክል በዓሉን አደመቀ፣ አትቆጡ እማማ አለችኝ። አደመቀ! ሐዘን ቤት ቀጤማ እንኳ አይጎዘጎዝም። ከሐዘን ቤት አጭደው በዓል ቤት ጎዘጎዙ።

አበባውንም ቆርጠውታል። የመጨረሻውን። ጠርሙስ ውስጥ ከተው መድረኩ ላይ፣ ሊ/መንበሩ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ አድርገውታል።

ሥሩ አለ። ቅጠሉ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ነው የተቆረጠው። ይተርፋል መሰለኝ።

የካቲት 29፣ እሑድ

አዳራሽ ሄድኩ፣ ሳልሄድ አይሆንም። ወለሉ ላይ የእኔን ቅጠል ረገጥኩ። ረጋጭ ሁሉ እንደ ቀጤማ ሽታ አጣበት፣ አንዷ የደረቀ ነው አለች።

አንድ ነገር አየሁ። ዘይነባ ዘግይታ ገባች። ከፊቴ ልትቀመጥ ስትል መድረኩን አየች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አበባ። ቀጥ ብላ ቆመች። አፏን በሻርፗ ያዘች፣ ለራሷ የሆነ ነገር አነበነበች። ከዚያ የማን እንደሆነ አጠገቧ ያለችውን ጠየቀች። ሴትየዋ በጣቷ እኔን አሳየች።

ዘይነባ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ወጥታ ሄደች።

ይህቺ ሴት ታውቀዋለች። ስሙን ታውቀዋለች።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ሱቅ ሦስቴ ሄድኩ። ባሏ አቶ ሸምሱ ይወጣል። ዘይነባ አሟታል። ዘይነባ ገበያ ናት። ዘይነባ ሶላት ላይ ናት። በመጋረጃው ሥር ጫማዋ ይታየኛል።

ሳሙና ሰጠኝ፣ ሳልጠይቀው። ዋጋውንም አልተቀበለኝም። ለምን? ምን ብሆን ነው የሚያዝንልኝ?

ሰፈሩም ተለውጧል። ሳልፍ ወሬ ይቋረጣል። እንደዚያን ጊዜ። ልክ እንደዚያን ጊዜ ነው ደብተሬ። ቀስ ብለው ሰላም ይሉኛል። የዓሣ ደንበኛዬ ዛሬ ሳትከራከር ገዛችኝ።

ፍሬውም የለም። ሳይቆረጥ በተረፈው የአገዳ ጫፍ ላይ አብጦ የነበረው ነገር ደርቆ ረገፈ። ለመ/ር ጌታሁን የምወስደው ፍሬ የለኝም።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ዛሬ ያዝኳት። በጓሮ በር በኩል ገባሁ። ልብስ ታጥባለች። እጇ አረፋ ውስጥ።

«ዘይኑ፣ ስሙን ንገሪኝ።»

«የምን ስም?»

«አታሹፊብኝ። አንዴ ደብቀሽኛል። አንዱ አይበቃም?»

እጇን ከአረፋው አላወጣችም። ብቻዬን አልናገርም አለች። ወላሂ ብቻዬን አልችልም ዘነቡ፣ ለእነሱ ልንገራቸውና እነሱ ይምጡ አለች። እነማን? አልኳት። አለቀሰች። በምታጥበው ጨርቅ ፊቷን ጠረገች።

ጥያት ወጣሁ። ስለ አበባ ጠየቅሁ፣ ሰው ገደልሽ ያልኩ ይመስል አለቀሰች። እኔ ነኝ እኮ ማልቀስ ያለብኝ!

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰ. ተኩል

ልጻፈው ሳይበርድልኝ።

ገና ሲነጋ፣ ወደ ዓሣ ልወጣ ነጠላዬን ሳጣፋ፣ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። አቶ ላንቃሞ። ጋቢው ደረቱ ድረስ ተጣፍቶ። ከኋላው አቶ ሸምሱ፣ ዘይነባ፣ ሴቶች። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ደኅና አደርሽ ያለ የለም።

ሩት!

ሴት ልጄ ሩት ዲላ ታስተምራለች። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ሩትዬ ብዬ ጮህኩ። የበሩ ደፍ ላይ ወደቅሁ። ደረቴን መታሁ። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። የማላውቃቸው ሁሉ ማልቀስ ጀመሩ።

አቶ ላንቃሞ ተደናግጦ ትከሻዬን ይዞ ይንጠኛል። «ተይ! ተይ ዘነቡ! ሩት ደኅና ናት! ሰው አልሞተም!»

«ታዲያ ማን ነው?»

«አበባው ነው።»

«አበባው ምን ሆነ?»

«አበባው… የመቃብር አበባ ነው።»

ደብተሬ፣ ደረቴን መምታት ተውኩ። ልቅሶው ቆመ። ጥግ ላይ አንዷ ገና ታለቅስ ነበር፣ ያልሰማች።

ለካ ዘይነባ አዳራሹ ውስጥ አይታ ፈራች። ለባሏ ነገረች። ባሏ ለእድሩ ነገረ። እድሩም ቁጭ ብሎ መከረበት! ልጇን ሳትቀብር ጓሮዋ የመቃብር አበባ እንዳለ ለብቻዋ አይነገራትም፣ በወጉ ይነገራት፣ ንጋት ይሁን፣ ሽማግሌ ይምራ ብለው ወሰኑ። የአበባ ስም ተሰልፈው መጥተው አረዱኝ!

የልጄን ሞት ሲያውቁ እየሳቁ ዓሣ ገዙኝ። የአበባ ስም ሲያውቁ ጋቢ አጣፍተው መጡ። ልጄን ለሁለተኛ ጊዜ ገደሉብኝ፣ ያውም የቀረችኝን!

ትናንት ዓሣ ያጠብኩበት ውኃ በሩ አጠገብ ነበር። አነሳሁና ደፋሁባቸው። ሽማግሌ አልለየሁም። ውኃው በአቶ ላንቃሞ ጫማ ውስጥ ገባ። «ደግ አደረግሽ» አለና ጫማውን አውልቆ እየደፋ ሄደ።

ያው ቀን፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ዓሣ አልሄድኩም። ዘይነባ ተመልሳ መጣች። ብቻዋን። የረጠበ ቀሚሷን አልለወጠችም፣ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። ወንበር አልሰጠኋትም። መሬት ተቀመጠች።

አባቷ ሐረር ሱቅ ነበራቸው፣ ያደገችው እዚያ ነው። ይህ አበባ እዚያ በእስላም መቃብር ላይ ነው የሚበቅለው። ሴቶች ይተክሉታል። ፍሬ የለውም፣ አይዘራም። ሰው ሲሞት ከቆየው መቃብር ሥሩን ቆርሰው በአዲሱ ላይ ያደርጉታል። ውኃ አይፈልግም። ጠያቂ የሌለው መቃብር ላይ እንኳ በየዓመቱ ያብባል።

የአባቷም ላይ አለ። ከተቀበሩ ወዲህ አልሄደችም። ይኖር ይሆን አለች፣ ለራሷ።

ማቴዎስ ያውቅ ነበር? አልኳት። አላህ ይወቅ። ወታደር መንገድ ላይ ያየዋል፣ ያምራል፣ ልጅ ነው፣ ለእናቴ ብሎ ይሆናል። ወይም ጠይቆ ነግረውት ይሆናል።

ልጄ፣ አንተስ ምን ልትነግረኝ ነበር? ለውበቱ ከሆነ እሺ። አውቀህ ከሆነ ግን፣ መቃብርህን በካልሲ ጠቅልለህ በእጅህ ተክለህልኝ ከሆነ፣ እየሳቅህ ከሆነ… በአንተም ተናድጃለሁ። ከሁሉም በአንተ።

ዘይነባ ለክሩ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔ ምንም ሳልላት። ክሩን ካልያዝኩት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ታውቂብኝ ነበር አለች። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ተነስታ ቅጠሉ የታጨደበትን አየች። በእጇ አፈሩን ከሥሩ ገለጥ አደረገች። ሥሩ ፀሐይ ይወዳል፣ አታዳፍኚው አለችኝ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

መ/ር ጌታሁን ትልቁን መጽሐፍ አግኝቷል። የምነግረውን ሳይሰማ እሱ ቀድሞ ነገረኝ፦ ከዓረብ አገር የመጣ ነጭ አይሪስ፣ ጢም ያለው፣ ዘር የማይሰጥ፣ በእስላም መቃብር የሚተከል። ሲያነብልኝ ድምፁ ቀነሰ። ሊያቆም አለ። አንብበው፣ አንተ ደግሞ እንዳትደብቀኝ አልኩት። አነበበው።

ሁለቱ ቃል ገጠመ። ስሙ ታወቀ። አሁን ጥቅሙ ነው የቀረው።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ዝናቡ ትናንት ማታ ጣለ። ጓድ ኃይሉ ዛሬ ዶማ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ።

ስሙ? የመቃብር አበባ። ጥቅሙ? መቃብር እንዳይጠፋ ነው። መቃብር ደግሞ አይቆፈርም አልኩት።

የማን መቃብር? የማቴዎስ።

ዶማ የያዙት ሰዎች ዶማቸውን አወረዱ። ጓድ ኃይሉ ቀስ ብሎ፣ እማማ፣ ማቴዎስ የወደቀው ሰሜን ነው አለኝ። ሰሜን የት? ዓይኑን ወደ ዶማዎቹ መለሰ። ቦታውን አሳዩኝ፣ በእግሬ ሄጄ እዚያ እተክለዋለሁ፣ ጎመናችሁንም እዚህ እዘራለሁ። አንተ ራስህ ደጄ ላይ ቆመህ አረዳኸኝ፣ የት እንደተኛ ግን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም። የጀግና እናት አታለቅስም አልከኝ፣ እሺ አልኩህ፣ ድንኳኑን ቶሎ አፍርሱ አልክ፣ አፈረስን። አሁን የቀረኝን ልትቆፍር መጣህ?

እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ ይሰማል።

ጓድ ኃይሉ ላብ ላብ አለው። እኔ የታዘዝኩትን ነው አለ። ሰው ያልተቀበረበት መቃብር የለም እማማ፣ ይህን ብዬ ሪፖርት ባደርግ ይስቁብኛል። ሰኞ ተመልሼ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ራስዎ ይንቀሉት፣ በእኔ እጅ አይሁን አለ። ሄዱ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ጓድ ኃይሉ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። መቃብር ነው አልኩ፣ ሰው አልተቀበረበትም። ውሸት ተናግሬአለሁ። እኔ ውሸት አልወድም።

ስለዚህ ጠዋት ሣጥኑን ከፈትኩ። ሱሪው። የትምህርት ቤት ሸሚዙ፣ አንገቱ የሳሳው። ጫማው፣ ተረከዙ በአንድ ወገን ያለቀ፣ እንደዚያ ነበር የሚራመደው። ሹራቡ፣ አንድ እጅጌው ያልተጨረሰ። አልጨርሰውም።

አቶ ላንቃሞ ቤት ሄድኩ። ለዓሣው ውኃ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ የምፈልገውን ነገርኩት። እድሩ አስከሬን የሌለው ቀብር ቀብሮ አያውቅም አለ። የአበባ መርዶም አርድቶ አያውቅም ነበር አልኩት። ጢሙን አሻሸ። ስንት ሰዓት ይሁን አለ።

ሩት መልእክቱ ደርሷታል፣ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ከዲላ ትነሳለች። ዘይነባ ሥሩን ሳትጎዳ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚመለስ ታውቃለች፣ እሷ ታነሳዋለች፣ እሷ ትመልሰዋለች። አቶ ሸምሱ ከሱቁ ነጭ አቡጀዴ ቀድዶ ላከልኝ። ድንኳን አይተከልም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለማልቀስ ግን ማንንም አልጠይቅም።

ልብሱን በአቡጀዴው ጠቅልዬዋለሁ። ቀላል ነው። ሕፃን ሆኖ እንኳ ከዚህ ይከብድ ነበር።

ነገ ከቀትር በፊት ከአበባው ሥር እንቀብረዋለን። ሰኞ ጓድ ኃይሉ ዶማውን ይዞ ይምጣ።